ዓይን ሲጠቁም ደሙም ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጤና ዓምዶች ስለ ዓይን ሲጽፉ መነጽርን፣ የዓይን ሞራንና ግላኮማን አይዘሉም። ስለ ደም ሲጽፉም ግፊትና ስኳር አይቀርም። ዓይንና ደም የሚገናኙበት ቦታ ግን ባለቤት ያጣ ይመስላል። በዚህ መሀል ዓይኑ የቀላ ጠብታ ይሰጠዋል፤ የደበዘዘበት መነጽር ይለካለታል፤ ቢጫ የሆነበት ደግሞ «ጉበትህ ነው» ተብሎ ይሸኛል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጉዳት የለውም፤ ቀይ ዓይን ሁሉ የደም በሽታ አይደለም። ነገር ግን ሉኪሚያ (የደም ካንሰር)፣ ከባድ የደም ማነስ፣ የፕላትሌት (የደም አርጊ ሴሎች) እጥረት ወይም የደም መወፈር ያለበት ሰው የሕመሙን የመጀመሪያ ምልክት ዓይኑ ላይ ሊያገኘው ይችላል። የሄደው ወደ ዓይን ክፍል ነውና ስለ ደሙ የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። የምንሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ ከዚህ በታች የምናነሣቸው ምልክቶች ሲታዩ ሙሉ የደም ቆጠራ (ሲቢሲ) ከዓይን ምርመራው ጋር በዚያው ቀን ይታዘዝ።

ዓይን ደምን የሚያጋልጠው በአሠራሩ ነው። ነጩን ክፍል የሸፈነው ስስ ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ነጭ ነውና ትንሽ ቀለም ቢነካውም አይደብቅም። ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ሳይቀደድና ሳይወጋ የደም ሥር በቀጥታ የሚታይበት ቦታ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይን ውስጥ መመልከቻውን፣ ኦፍታልሞስኮፕን፣ ካስተዋወቀ ወዲህ ይህ በር ክፍት ነው።

የደም ማነስን ለማየት የታችኛው የዓይን ቆብ እንደሚገለበጥ ብዙ ሰው ያውቃል። ስሕተቱ ያለው የት እንደሚታይ ላይ ነው። እጅ ታጥቦ፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ታማሚው ወደ ላይ እያየ ቆቡ በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ ወደ ታች ይሳባል። የሚታየው ክፍል ሁለት ቀለም አለው። ከሽፋሽፍቱ ሥር ያለው ጠባብ ጠርዝ ደማቅ ቀይ ነው፤ ከእሱ ወደ ውስጥ ያለው ሰፊው ክፍል በጤናማ ሰውም ቢሆን ፈዘዝ ያለ ነው። ውስጡን ብቻ አይቶ «ነጥቷል» ማለት የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። መታየት ያለበት ድንበሩ ነው። ጠርዙ ቀይ ሆኖ ከውስጡ በግልጽ ከተለየ ከባድ የደም ማነስ የመኖሩ ዕድል ይቀንሳል። ጠርዙም እንደ ውስጡ ነጥቶ ድንበሩ ከጠፋ ግን ኦክስጅን ተሸካሚው የቀይ ሴል ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ ሳይለካ መዋል የለበትም። ቆቡን ጫን ብሎ ወይም ረዘም ላለ ጊዜ መያዝ ደሙን ገፍቶ የሌለ ንጣት ይፈጥራል። በአለርጂ ወይም በኢንፌክሽን የቀላ ዓይን ደግሞ ያለውን ንጣት ይሸፍናል።

የዚህ ምርመራ ድክመት መታወቅ አለበት። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት ሄሞግሎቢኑ ከ13 ግራም በዲሲ ሊትር ያነሰ አዋቂ ወንድ፣ ከ12 ያነሰች እርጉዝ ያልሆነች ሴት፣ የደም ማነስ አለባቸው፤ ከ8 በታች ከባድ ይባላል። ቆብ ላይ የሚታየው ንጣት የሚታመነው ወደ ከባዱ ሲጠጋ ነው። 10 ወይም 11 ያለው ሰው ቆቡ ቀይ ሊሆን ስለሚችል «ዓይኑ ቀይ ነው፣ ደም አለው» የሚለው ፍርድ ብዙዎችን ያሳልፋል። በተቃራኒው ንጣት ታየ ተብሎ ያለ ቆጠራ የብረት እንክብል መስጠትም ሌላ ወጥመድ ነው። ከንጣቱ ጋር የማይለቅ ትኩሳት፣ ሳይመቱ የሚወጣ የበለዘ ምልክት ወይም የድድ መድማት ካለ ችግሩ ያለው ደም በሚመረትበት በመቅኔው ሊሆን ይችላል። ያኔ ብረቱ ምንም አይፈይድም፤ የሚያደርገው ጊዜ መብላት ብቻ ነው።

ቢጫው ሰፋ ያለ ጉዳይ ነው። ቢሊሩቢን ዕድሜውን የጨረሰ ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ የሚወጣ ቀለም ነው። ጤናማ መጠኑ በዲሲ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ዓይን ላይ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ሲደርስ ነው። ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ይከማቻል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ሌላኛው መንገድ ነው፦ ቀይ ሴሎች ከወትሮው በላይ ሲፈርሱ ጉበቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚመጣለት ብዛት ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ሄሞሊሲስ የሚባለው ይህ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ሐኪሙ ስለ ሽንትና ሰገራ ሲጠይቅ ታማሚው ማፈር የለበትም። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ፣ ሰገራው ደግሞ አመድማ ከሆነና ሰውነትን የሚያሳክክ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሐሞት ቱቦና ወደ ጉበት ነው። በሄሞሊሲስ የሚከማቸው ቢሊሩቢን በውኃ የማይሟሟው ዓይነት ስለሆነ በኩላሊት አያልፍም፤ ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሽንት ምርመራው ቢሊሩቢን ላያሳይ ይችላል። ሰገራውም ቀለሙን አያጣም። ሌላው ፍንጭ ንጣቱ ነው፤ ቢጫና ነጭ በአንድ ዓይን ላይ ሲገናኙ፣ ማለትም ነጩ ክፍል ቢጫ ሆኖ የቆቡ ጠርዝ ደግሞ ሲነጣ፣ ደሙ እየፈረሰ እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ አደገኛ ሁኔታ አለ። ሴሎቹ በደም ሥር ውስጥ ሲፈነዱ ሄሞግሎቢኑ ራሱ ወደ ሽንት ይወርድና ሽንቱ የኮካ ቀለም ይይዛል። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች ባቄላ ከበሉ፣ ወይም እንደ ፕሪማኩዊንና ዳፕሶን ያሉ መድኃኒቶችን ከወሰዱ በኋላ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ነገ የሚባል ነገር የለውም። መድኃኒቱ ይቁም፤ ሰውየው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የኢንዛይሙ ምርመራ በጥቃቱ መሀል ሲሠራ ጤነኛ መስሎ ሊወጣ እንደሚችልም ይታወስ። ምክንያቱም ቀድመው የፈረሱት ኢንዛይሙ ያነሰባቸው አሮጌዎቹ ሴሎች ናቸው፤ የተረፉት ወጣቶቹ ደግሞ በርከት ያለ ይይዛሉ። ከጥቃቱ በኋላ 3 ወር ገደማ ቆይቶ መድገም ያስፈልጋል።

ሐሰተኛ ቢጫም አለ። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሰዎች የዓይን ነጭ ክፍል ላይ የሚታየው ቡናማ ጥላ ብዙ ጊዜ ተፈጥሯዊ ቀለም ነው። አለመስተካከሉና ቆቦቹ በማይሸፍኑት ክፍል ላይ መብዛቱ ይለየዋል። እውነተኛው ቢጫ ወጥ ነው፤ የላይኛው ቆብ ተነሥቶ የተሸፈነው ክፍል ሲታይም አለ። ካሮትና ዱባ በብዛት የሚበላ ሰው መዳፉ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ዓይኑ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጊልበርት ሲንድረም የሚባለው የውርስ ጠባይም ሲጾሙ ወይም ሲደክሙ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ የደም ቆጠራውና የጉበት ኢንዛይሞቹ ጤናማ ከሆኑ የሚያሳስብ አይደለም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ቢጫ ከሆነ በፍጹም እንደ ተራ ነገር አይታይም። የእናትና የልጅ ደም አለመጣጣም የልጁን ሴሎች እያፈረሰ ሊሆን ይችላል፤ ቢሊሩቢኑ ካሻቀበ ደግሞ አንጎልን ይጎዳል።

ወደ ቀዩ እንምጣ። በዓይን ነጭ ላይ በድንገት የሚወጣ፣ ድንበሩ የተለየ፣ የማያም ደማቅ የደም መደብ ሰውን ክፉኛ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በራሱ ጉዳት የለውም። ሳል፣ ማስነጠስ፣ ማማጥ ወይም ዓይንን ማሸት ይበቃዋል። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ይጠፋል፤ ጠብታም አያፋጥነውም። ደሙ መቆጠር ያለበት ያለ ምክንያት ሲደጋገም፣ በሁለቱም ዓይን በአንድ ጊዜ ሲወጣ፣ ወይም ከነስር፣ ከድድ መድማት፣ ከበዛ የወር አበባ ወይም እግር ላይ ከሚወጡ የመርፌ ራስ የሚያህሉ ቀይ ነጥቦች ጋር ሲመጣ ነው። ነጥቦቹ በጣት ሲጫኑ የማይጠፉ ከሆኑ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ናቸው። ፕላትሌት በማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 መሆን አለበት፤ ከ20,000 በታች ሲወርድ ያለ ምንም ምት መድማት ያሰጋል፤ ከ10,000 በታች የበለጠ ያስፈራል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ደሙ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው አይኤንአር ሳይለካ መሸኘት የለበትም።

ሌላ ዓይነት ቀይም አለ። ሁለቱም ዓይኖች ሁልጊዜ ደም የመሰሉ፣ የማያሳክኩ፣ ዓይነ አር የሌላቸው፣ ፊቱም የቀላ፣ ሙቅ ውኃ ከታጠበ በኋላ ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰው ለዓመታት የአለርጂ ጠብታ ሲጨምር ሊኖር ይችላል። በሽታው ቀይ ሴሎች ከልክ በላይ የሚመረቱበት ፖሊሳይቴሚያ ሊሆን ይችላል። ደሙ ስለሚወፍር አንድ ዓይን ለደቂቃዎች መጋረጃ እንደወረደበት ጨልሞ መልሶ ይበራል። ይህ አላፊ ጨለማ «ደክሞኝ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ግን ይችላል። ሕክምናው ደም እየቀዱ ሄማቶክሪቱን (ቀይ ሴሎች ከደሙ የሚይዙትን ድርሻ) ከ45 በመቶ በታች መያዝና፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ፣ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን መስጠት ነው።

ከዓይኑ በስተኋላ ያለውን ለማየት ባለሙያና መሣሪያ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቻችን ግልጽ መሆን እንፈልጋለን፦ ብሌኑን ሳያሰፉ በእጅ ኦፍታልሞስኮፕ ብቻ አይቶ «ሬቲናው ደህና ነው» መጻፍ ከባድ ስሕተት ነው፤ መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ትንሽ ክፍል ነውና። የትሮፒካማይድ ጠብታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ብሌኑን ያሰፋል። ለጥቂት ሰዓታት እይታ ስለሚደበዝዝ ታማሚው መኪና እንደማይነዳ አስቀድሞ ይነገረው። ጠባብ አንግል ያለው፣ ማለትም የውስጥ ፈሳሹ የሚወጣበት ማዕዘን የጠበበ፣ ዓይን ግን ሳይጣራ ጠብታው አይጨመርለትም።

በሉኪሚያ ጊዜ ሬቲና ላይ የሚታዩት ለውጦች የሚመጡት ከብዙ አቅጣጫ ነው። ፕላትሌት ሲያንስና ሄሞግሎቢን ሲወርድ ሬቲናው ይደማል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲዘጉ እንደ ጥጥ የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ነጭ ሴሎች እጅግ ሲበዙ የደም መልሶቹ ይነፋሉ፣ ይጠማዘዛሉ። መሀሉ ነጭ የሆነው የደም ነጠብጣብ የሮት ነጥብ ይባላል። ነጩ በአብዛኛው ፋይብሪን ከሚባለው የደም አርጊ ፕሮቲንና ከፕላትሌት የተሠራ ድፍን ነው። የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽንም፣ ስኳርም፣ ከባድ የደም ማነስም ያመጡታልና በራሱ ሉኪሚያን አያረጋግጥም፤ ያለ ደም ቆጠራ ግን አይታለፍም። ደሙ በሬቲናው እምብርት ላይ ካረፈ ታማሚው ከሚያየው ነገር መሀል ላይ ጥቁር ነጥብ ይታየዋል፤ ዳር ላይ ካረፈ ምንም አያውቅም። የዓይን ነርቭ ሥሩ አብጦ እይታው በፍጥነት የሚወርድ ከሆነ ሴሎቹ ነርቩ ውስጥ ገብተው ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው።

ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው በሁለቱም ዓይን እይታው ደብዝዞ፣ የሬቲናው የደም መልሶች ተነፍተው እዚህም እዚያም ሲታነቁ የቋሊማ ሰንሰለት መስለው ከታዩ ሌላ ነገር ይጠርጠር። ከራስ ምታት፣ ከማዞርና ከሚደጋገም ነስር ጋር ሲሆን ደሙ በፕሮቲን ወፍሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ዋነኛው ምክንያት ስዊድናዊው ሐኪም ያን ዋልደንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1944 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው የደም ካንሰር ነው። የጤናማ ሰው ሴረም (ደም ሲረጋ የሚቀረው ፈሳሽ) ውፍረት ከውኃ 1.4 እስከ 1.8 እጥፍ ገደማ ነው፤ ምልክቱ በብዛት የሚጀምረው ከ4 በላይ ሲሆን ነው። ፕላዝማውን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በማሽን መቀየር እይታውን በፍጥነት ሊመልስ ይችላል። እዚህ ጋ የሚሠራ ስሕተት አለ፦ ታማሚው ደም ማነስም ስላለበት በቅድሚያ ቀይ ሴል ይሰጠዋል፤ የወፈረው ደም የባሰ ይወፍራል። ፕላዝማው ይቅደም።

ቀይ ሴሎችን እንደ ማጭድ የሚያጣምመው የውርስ በሽታ፣ ሲክል ሴል፣ ያለበት ሰው ዓይኑን የሚያጣው ሳይታወቀው ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከሬቲና ዳር ስለሆነ እይታው እንደ ንስር ሆኖ ሳለ ደካማ አዳዲስ የደም ሥሮች እንደ ባሕር ማራገቢያ ተዘርግተው ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን ሲደሙ ወይም ሬቲናውን ሲስቡ ነው የሚታወቀው። የሚያስገርመው፣ ይህ የሚበዛው በሕመም ይበልጥ በሚሠቃዩት በኤስኤስ ዓይነቶች ሳይሆን ቀለል ባለው በኤስሲ ዓይነት ነው። «የኔ ቀላሉ ነው» የሚለው መጽናኛ ዓይን ላይ አይሠራም። ከ10 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ብሌን ተስፍቶ በ1 ወይም በ2 ዓመት አንድ ጊዜ መታየት ያስፈልጋል። ዓይኑ ተመትቶ በፊተኛው ክፍሉ ደም ከቋጠረ ግፊቱ ሲጨምር ግፊቱን የሚቀንሰውን አሴታዞላሚድ ከመስጠት በፊት ሲክል ሴል መኖር አለመኖሩ ይጠየቅ። መድኃኒቱ ደሙን አሲዳማ እያደረገ ሴሎቹን ይበልጥ ያጣምማቸዋል።

ስለ ቫይታሚን ቢ12 አጭር ቃል። እጥረቱ ፈዛዛ የሎሚ ቢጫ መልክ ይሰጣል፤ የዓይን ነርቭንም ስለሚጎዳ ቀለማት፣ በተለይ ቀይ፣ ይደበዝዛሉ። መነጽር አያስተካክለውም። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ከተሰጠ ደሙ ይሻሻልና ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል።

በልጆች ላይ ሦስት ነገር ቸል አይባል፦ ሳይመቱ በዓይን ዙሪያ የሚወጣ የበለዘ ክብ፣ አንድ ዓይን ወደ ፊት መውጣት፣ እና የሉኪሚያ ሕክምና የጨረሰ ልጅ ዓይን መቅላት ወይም በጥቁሩ ክፍል ግርጌ ነጭ ነገር መጠራቀም። የመጨረሻው የዓይን ቁጣ መስሎ የበሽታው መመለስ ሊሆን ይችላል። በአዋቂም ቢሆን ጎንበስ ሲል ወይም ሲያስል የዓይን ቆቡ በቀላሉ የሚበልዝ ሰው አሚሎይዶሲስ (የተዛባ ፕሮቲን በአካል ክፍሎች ውስጥ የሚከማችበት በሽታ) ይፈተሽለት።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው። ሲቢሲ ማሽኑ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ጤናማ ሆኖ ሴሎቹ በሽተኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ጥርጣሬ ካለ የደም ስሚር (በመስታወት ላይ በስሱ የተቀባ ደም) በማይክሮስኮፕ ይታይ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ቀጥተኛና ቀጥተኛ ያልሆነው ቢሊሩቢን ተለይቶ፣ ከሬቲኩሎሳይት (የወጣት ቀይ ሴሎች) ቆጠራና ሴል ሲፈርስ ከሚጨምረው ኢንዛይም፣ ከኤልዲኤች፣ ጋር ይላክ። ምንም የመድማት ምልክት የሌለው ሰው ፕላትሌቱ እጅግ ዝቅ ብሎ ከመጣ ከመደናገጥ በፊት ስሚሩ ይታይ፤ ደም እንዳይረጋ ኢዲቲኤ በተጨመረበት የናሙና ቱቦ ውስጥ ፕላትሌቶቹ ተጣብቀው ማሽኑ ሳይቆጥራቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሲትሬት በሚባለው ሌላ ፀረ መርጋት በያዘ ቱቦ መድገም ያጣራዋል። ግፊትና ስኳርም ይለካ፤ ሬቲና ላይ የሚያደርሱት መድማት ከደም በሽታ ጋር ይመሳሰላል።

ውጤቱ ሳይታወቅ የማይደረጉ ነገሮችም አሉ። መድማት የተጠረጠረበት ሰው ለሕመም ማስታገሻ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አይውሰድ፤ የጡንቻ መርፌም አይወጋ። ከሁሉም የከፋው ግን «ለዓይን ቁጣው» ተብሎ የሚሰጠው የስቴሮይድ እንክብል ነው። ሉኪሚያንና ሊምፎማን (የሊምፍ ዕጢ ካንሰርን) ለጊዜው ያቀልጣል፤ ታማሚው ዳነ ይባላል፤ ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ናሙናው መልስ የማይሰጥ ሆኖ ይገኛል።

ድንገተኛ የእይታ ማጣት፣ ከዓይን መድማት ጋር የመጣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የአእምሮ መደናገር፣ የኮካ ቀለም ያለው ሽንት፣ ትኩሳት ከንጣትና ከመድማት ጋር፦ እነዚህ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው። ሌላው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቆጠራው ይሠራ።

የዓይን ባለሙያው ታማሚውን ወደ ደም ክፍል ሲልክ ወረቀቱ ላይ «ለተጨማሪ ምርመራ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ታማሚው ተራ ይዞ ሳምንት ይጠብቃል። «በሁለቱም ሬቲና የደም መፍሰስ፣ ማዕከላቸው ነጭ፤ ሄሞግሎቢን ይህን ያህል፣ ፕላትሌት ይህን ያህል፣ ነጭ ሴል ይህን ያህል፤ አስቸኳይ» ተብሎ ከተጻፈና ስልክም ከተደወለ ግን በዚያው ቀን የሚቀበለው ያገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የደምና የዓይን ሕክምና ባለሙያዎች